ለብርቱው ትንሹ ድርሻ

የላምና የበሬን ምሥጢር ማወቅ የሚሻ የዘመኑ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ግብፅ ይወርዳል። አፒስ የተባለውን ጥቁር በሬ ያገኛል፤ በቀንዶቿ መካከል ፀሐይ የተሸከመችውን ሐቶርን ያገኛል፤ ከቀርጤስ ኮርማ ዘላዮች እስከ ሕንድ ናንዲ ያለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። «የተሰወረው ጥበብ» እያለ የኮከብ በሬ የሚሸጥለት ነጋዴም አያጣም። ከዘንገና ሐይቅ በስተምሥራቅ ሩቅ በማይባል መንገድ፣ የዓባይ ምንጭ ባለበት ግሽ ዓባይ ላይ፣ የገዛ አያቶቹ በየዓመቱ ስላረዷት ጥቁር ጊደር ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አያውቅም። የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ሲጠየቁ ግራ ቀኝ ዐይተው «ተወው ልጄ፣ እሱ የድሮ ነው» ይላሉ።

ይህ ዝምታ ያንገበግበኛል። ዘንገና ዳር ከብት እየጠበቅሁ ያደግሁ አገው ነኝ፤ ላም ምን እንደሆነች ከመጽሐፍ በፊት ከጭራዋ ኋላ ስሄድ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የምለውን በግልጽ ልበል። የአገው ጊደር ትልቁ ምሥጢር የድርሻ ሕግ ነው፤ ያውም ብርቱው ትንሹን ወስዶ እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ። እኛ በዚህ ሕግ አፈርን። አፍረን ረሳነው። ረስተን ስናበቃ የሰው አገር ጣዖት እየተዋስን መፈላሰፍ ያዝን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። የምንጩ አገልጋይ የነበሩትን፣ ክፍለ ዓባይ ብሎ የጠራቸውን፣ ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ የሆነ አዛውንት አገኘ፤ ያየውንና የሰማውንም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አሰፈረ። በዓመት አንድ ጊዜ የየነገዱ አለቆች ይሰበሰባሉ። ወልዳ የማታውቅ ጥቁር ጊደር ትታረዳለች። ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ይነከራል፤ ቆዳዋ ከውስጥም ከውጭም የምንጩ ውሃ ይረጭበትና ጭንቅላቷ ዳግም ለዐይን እንዳይታይ በገዛ ቆዳዋ ይጠቀለላል። ሥጋው ለሁለት ተሰንጥቆ በብርቱ ጥንቃቄ ይጸዳል፤ በዋናው ምንጭ ጉብታ ላይ ይጋደምና ሽማግሌዎቹ ከሌሎቹ ሁለት ምንጮች ውሃ በእፍኛቸው እየቀዱ ያመጡለታል። ከዚያ ይከፋፈላል። ሲበላ ከምንጩ ውሃ በቀር ሌላ መጠጥ አይቀመስም። አጥንቱ ተከምሮ አመድ እስኪሆን ይቃጠላል። በቆዳ የተጠቀለለው ጭንቅላት ወደ ዋሻ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አያወጣውም። ብሩስም ሳይሰማው ተመለሰ።

ምሥጢር ወዳዱ አንባቢ ልቡ ዋሻው ጋ ይቀራል። ጨለማ አለ፣ የተሸፈነ ጭንቅላት አለ፣ የማይነገር ቃል አለ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? እኔ ግን ዋሻውን ለጊዜው ተዉት እላለሁ። ፀሐይ ላይ፣ በሁሉ ፊት የተደረገውን ክፍፍል እዩ።

ብሩስ እንደጻፈው፣ እያንዳንዱ ነገድ የታወቀ ብልት ነበረው። ከግዛቶቹ ሁሉ ያነሰችው ግሽ ዋናውን ድርሻ ትወስዳለች። ሰከላ ትከተላለች። በኃይልም በሀብትም ከሁሉ የምትልቀው ዚገም የሁሉን ትንሽ ትወስዳለች። ክፍፍሉ በምን ሕግ እንደቆመ ብሩስ ደጋግሞ ጠይቋል፤ ከጥንት የመጣ ነው ከሚል በቀር መልስ አላገኘም።

ይህችን አንቀጽ እንደ ተራ የመንገደኛ ወሬ የሚያልፋት ምሁር ይገርመኛል። ዛሬም በአዊ ዞን ካርታ ላይ ስሙ ያለውን ዚገምን አስቡት። ጉልበቱ አለው፤ ከብቱ አለው። ቢፈልግ ጊደሯን ብቻውን ይዞ መሄድ አያቅተውም። ሆኖም ከደካማው ጎረቤቱ በታች ተቀምጦ ትንሿን ቁራጭ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ከሁሉ ጋር አንድ ውሃ ይጠጣል። በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ ይመጣል። ያለ ወታደር፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ማኅተም ይህን ያደረገች አንዲት ጊደር ናት። እኔ እንደሚገባኝ፣ ምንጩ ያለው ትንሿ ግሽ ውስጥ ነውና ክብሩ ለጉልበት ሳይሆን ለምንጩ ተሰጠ። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ አላውቅም።

እስቲ ከሌላው ዓለም ጋር እናስተያየው። ግሪኮችም በሬ የተከፋፈለበት ታላቅ ትረካ አላቸው። ሄሲዮድ እንደሚተርከው፣ አማልክትና ሰዎች መቆኔ ላይ ድርሻቸውን ሲለዩ ፕሮሜቴዎስ ትልቅ በሬ አርዶ ለሁለት ከፈለው። ሥጋውን በጨጓራ ደበቀ፤ አጥንቱን በሚያብለጨልጭ ጮማ አልብሶ ለዜውስ አቀረበ። ዜውስ ጮማውን መረጠ፣ አጥንት ደረሰው፤ ተቆጥቶም እሳትን ከሰው ልጅ ነፈገ። በዚህ ትረካ የሰው ልጅ መከራ የጀመረው በሬ ሲከፈል በተሠራ ማታለል ነው። ማታለሉን በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ያስተምሩታል፣ ይተነትኑታል፣ ይደነቁበታል። ግሽ ላይ ያለ ማታለል የተከፈለችው ጊደር የት ክፍል ውስጥ ትጠቀሳለች?

የግብፁ አፒስ ደግሞ የማንም ድርሻ አልሆነም። በዘመኑ አንድ በሬ ብቻ ይመረጣል፤ ሜምፊስ ላይ ተከብሮ ይኖራል፤ ሲሞት ተገንዞ ሳቃራ ላይ ከመሬት በታች በግዙፍ የድንጋይ ሣጥን ይቀበራል። ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት እ.ኤ.አ. በ1851 ያን መቃብር ሲያገኝ ዓለም ጉድ አለ፤ ይገባዋልም። በፋርሶች ጥንታዊ እምነትም የመጀመሪያዋ ላም ስትሞት ከአካሏ እህልና የመድኃኒት ዕፅ በቅሏል። ሁሉም ሕዝብ በከብቱ አካል ውስጥ የዓለሙን ሥርዓት ዐይቷል። ግብፅ ዘላለምን ዐየች፤ ፋርስ አዝመራን ዐየች፤ ግሪክ ጠብን ዐየች። አገው ፍትሕን ዐየ። በዚህ ነው የምናፍረው?

እፍረቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከብሩስ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩ ላይ ቆሟል፤ ቆይቶም ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ቦታው ጽፏል። ሎቦ የታረዱት ላሞች አጥንት ሁለት ተራራ ያህል መከመሩን፣ ካህኑም የላም ሞራ ተቀብቶ እሳት መካከል መቀመጡን ይተርካል። ሁለቱም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ነበሩ፤ የጻፉት ሊያጠፉት ስለመጡት ነገር ነው። በዚያው ዘመን የነበረው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ አገውን በጦር ከመታ በኋላ አጥንቱ የሚቃጠልበትን መሠዊያ አፍርሶ በቦታው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራ ብሩስ ይነግረናል። የብሩስ ብዕርም ከነቀፋ የነጻ አይደለም፤ በዓሉን ከሲሪየስ ኮከብ መውጣት ጋር ማያያዙ ግብፅን በልቡ ተሸክሞ መምጣቱን ያሳብቃል። ታዲያ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? የጠላት ምስክርነትና የእንግዳ ምስክርነት። የባለቤቱ ቃል የታለ? ብሩስ ጠይቆ ቢያጣው አልፈርድበትም። እኛ በአዊኛ ተወልደን፣ በአዊኛ ተረግመንና ተመርቀን፣ ከ250 ዓመት በኋላም ያንኑ ጥያቄ ለገዛ አያቶቻችን አልጠየቅንም። ይህ ነው የማይሻር በደል።

«ባዕድ አምልኮ ነው፣ አትቆፍረው» የሚሉኝ አሉ። እኔም ማተቤን ያልበጠስሁ ክርስቲያን ነኝ፤ ግሽ ላይ ጊደር ይታረድ አላልሁም። ግን ዘዳግም ምዕራፍ 21ን ግለጡልኝ። ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ ቢገኝ፣ ለሬሳው የምትቀርበው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባትን ጊደር ውሃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ይወስዳሉ፤ አንገቷን ይሰብራሉ፤ በላይዋ እጃቸውን ታጥበው ከደሙ ንጹሕ መሆናቸውን ይናገራሉ። ጊደር፣ ወራጅ ውሃ፣ ሽማግሌ፣ በውሃ የሚታጠብ እጅ። ዘኍልቍ 19 ላይ ደግሞ ቀይዋ ጊደር አለች። ይህን ሥርዓት ዛሬ ማንም አይፈጽመውም፤ ከመጽሐፉ ይቀደድ ያለ ግን የለም። ሊቃውንቱ ተቀምጠው ተረጎሙት፣ አመሠጠሩት፣ ለተማሪ አስተላለፉት። ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳን ስናከብር ከአራቱ አንዱ ገጸ ላሕም ነው። ቅዱስ ሉቃስም በላሕም ይመሰላል። የቀደመውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ ማስታወስ፣ ሳያመልኩ መተርጎም እንደሚቻል ያስተማረችን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት። የእስራኤልን ጊደር በትርጓሜ ያከበረ አፍ የአገውን ጊደር ስም ሲሰማ ለምን ይኮማተራል?

ግሽ ዓባይ ዛሬ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ነው። ምእመናን ከየአገሩ ይጎርፉበታል፤ በሽተኛ ይጠመቅበታል። ውሃው ክብሩን እንደያዘ ነው፤ ደስ ይለኛል። በዚያው ውሃ ዳር ነገዶች ተሰብስበው ይካፈሉ እንደነበር መናገር የጠበሉን ክብር በምን ይቀንሰዋል? እንዲያውም ያ ቦታ ከብዙ ትውልድ በፊት ጀምሮ ሰው ከሰው የሚካፈልበት እንደነበር ያስረዳል።

በሌላው ወገን ደግሞ ግብፅ ግብፅ የሚሉት አሉ። ኮሶ በር መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ብልህ ወጣት አፒስ ግንባሩ ላይ ስላለው ነጭ ምልክት ሳያቋርጥ አስረዳኝ። የተናገረው ትክክል ነበር። ስለ ዚገም ድርሻ ጠየቅሁት፤ ትኩር ብሎ አየኝ። በእሱ አልተናደድሁም። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አላስቀመጥንለትም፤ በአፋችንም አላወራነውም። የተናደድሁት ክፍተቱን ዐይተው በገቡት ላይ ነው፤ የአገውን ጊደር ያለ ማስረጃ አንድ ጊዜ የግብፅ ልጅ፣ አንድ ጊዜ የግብፅ እናት እያደረጉ በሚነግዱት ላይ። ግብፆች የመጀመሪያውን ታላቅ ጎርፍ በላም መስለው መሐት ወረት ብለዋታል፤ የዓባይ ጎርፍና ለም አፈር ደግሞ አብላጫው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ነው። በወንዙ ራስ ጊደር፣ በወንዙ እግር ላም። ይህ በራሱ የሚያስደንቅ ሐቅ ነው፤ ልብ ወለድ ሊደረብበት አይገባም። አገው ታላቅ ለመሆን የፈርዖን ዘመድነት አያስፈልገውም።

ሕጉ ፈጽሞ ሞቷል ለሚለኝ ሰው ደግሞ ቅርጫን አሳየዋለሁ። በገና ጠዋት ዘንገና ዙሪያ ካሉት መንደሮች አንዱ ግቢ ግቡ። በሬው ታርዶ ተገፏል፤ ቅጠል በሰፊው ተነጥፏል። ብልት የሚያውቀው ሰው ቢላዋውን እየሳለ ይሠራል። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከጉበቱ ለሁሉም፣ ከጨጓራው ለሁሉም፤ በባለ ድርሻው ቁጥር መደብ መደብ ይደረደራል። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ዐይናቸውን አይነቅሉም። «ያቺኛዋ ሳሳች» ይላል አንዱ፤ ከወፈረችው ተቆርጦ ይጨመርላታል። ሁሉም እሺ እስኪል ይህ ይቀጥላል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕጣውን ይሰጣል፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የጥንጁት ቅጠል። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። አራት ጥማድ በሬ ያለው ሰውዬና አንድ በሬ እንኳ የሌለው ጎረቤቱ ዕጣው ያወጣላቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ማንም «እኔ እኮ እገሌ ነኝ» አይልም። ቢል ያፍራል። እዚህ ብርቱው ትንሹን ውሰድ ባይባልም በጉልበቱ ትልቁን አይወስድም፤ የግሽ ሕግ መንፈስ ይኸውላችሁ፤ በየጓሯችን ቅጠል ላይ ተዘርግቶ።

ከብት ሲጠፋ ይህ ሁሉ አብሮ እንደሚጠፋም ታሪክ አስተምሮናል። በ1880 ዓ.ም ገደማ በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጣ ከብት የገባው የከብት እልቂት ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደፈጀ፣ በተከተለው ክፉ ቀንም ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ የሚጠመድ በሬ አልነበረምና። ወላጅ ልጁን የተወበት፣ ጅብ ሰው የለመደበት ዘመን ነበር። ምድር በበሬ ቀንድ ላይ ቆማለች የሚል አሮጌ የፋርስና የዓረብ ትረካ አለ፤ የሚስቁበት ሰዎች ክፉ ቀንን ያንብቡ። በሬው ሲወድቅ ምድሪቱ አብራ ወድቃለች።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ገብስ ይዘራበትና ከብት ይሰማራበት የነበረ ብዙ መሬት ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተተክሎበታል። ገበሬው ዛፉን ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ ሸጦ ልጁን አስተማረ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፤ አልወቅሰውም፣ ጎበዝ ነው። ነገር ግን የወል ግጦሽ በተሸነሸነበት ሁሉ ጥያቄው ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው፤ ለብርቱው የትኛው ድርሻ? ዘመድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ጉልበት ያለው ሰው መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ሰፊውን ሲወስድ፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት መንገድ ዳር ስታግድ እያየን «ዘመኑ ነው» ብለን እናልፋለን። አባቶቻችን እንዲህ አያልፉም ነበር። አንዲት ጊደር መሐል አቁመው ብርቱውን «አንተ ትንሹን» ብለውታል። እኛ ያን የሚል አፍ አጥተናል፤ ያጣነውም የተባለበትን ቀን ስለረሳን ነው።

ለፈረሱ ያደረግነውን ለጊደሯ ማድረግ እንችላለን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ሲወጡ ደረቴ ይነፋል። በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረስ ውለታ ከአባት ወደ ልጅ አሻግሯል። ያ የሆነው ሕዝቡ በፈረሱ ስላላፈረ ነው። ፈረስ የጦር ቀን ጓደኛ ነው፤ እናክብረው። ላምና በሬ ግን የሰላም ቀን ሕጋችን ናቸው። ለጦር ቀን ሰልፍ ያለው ሕዝብ ለሰላም ቀን ሕጉ አንድ ገጽ መጽሐፍ ሊያጣ አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሰከላም ዚገምም ደጃችሁ ናቸው። መቅረጫ ይዛችሁ ውጡ፤ በአዊኛ ጠይቁ፤ በአዊኛ ቅዱ። ለግሽ ለምን ዋናው ድርሻ ተሰጠ በሉ። ዚገም ለምን ትንሹን እሺ አለ በሉ። አጥንቱ ለምን ተቃጠለ፣ ጥቁሯ ለምን ተመረጠች፣ ያልወለደችውስ ለምን ሆነች በሉ። ዋሻውን አንናገርም ያሉ አረጋዊ ካሉ ምሥጢራቸውን አክብሩላቸው፤ ክፍፍሉን ግን ምሥጢር አላደረጉትምና ተቀበሏቸው። የባህልና ቱሪዝም ሹማምንት፣ ዘንገናን ጥልቅ ሐይቅና ጦጣ ያለበት ውብ ደን ብላችሁ ለጎብኚ ስታሳዩ የዚህ አገር ሰው ምን ሕግ እንደነበረው ጨምራችሁ ንገሩት። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአዊኛ የሚማር ልጅ ስለ አፒስ ከመስማቱ በፊት ስለ ግሽ ጊደር ያንብብ። ካህናት አባቶች፣ የዘዳግምን ጊደር በተረጎማችሁበት ጥበብ ይችንም ተርጉሙልን፤ ከእናንተ የተሻለ የሚችል የለም። ሽማግሌዎች፣ «እሱ የድሮ ነው» የምትሉት ነገር ለነገ የሚያስፈልገን ነው፤ ሳታስተላልፉት አትለፉ።

እስከዚያው ግን ከማንም ፈቃድ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። መሬት ሲካፈል፣ ማዳበሪያ ሲታደል፣ ዕርዳታ ሲመጣ፣ ወንበር ሲደለደል ጉልበት ያለው ሰው ተነሥቶ ትልቁን ድርሻ ሲጠይቅ፣ በዚያች ጊደር ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ልጅ የሆነ ሁሉ ይነሣና የዚገምን ድርሻ ይንገረው።